ያልተገራ ሳሙና

ኬሚስትሪ ተምሬ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ደብረ ብርሃን ዳር ባለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ሆኜ በገባሁበት በመጀመሪያው ቀን፣ አንድ ሽማግሌ ትኩስ ሳሙና በእንጨት ጫፍ አውጥተው፣ እፍ እፍ ብለው ሲልሱ አየሁ። አንዴ አይደለም፤ ሁለቴ ላሱት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ሲገልጡ «ገና ወይፈን ነው፤ እሳቱን እንዳትነኩት» አሉ። ሰው ሁሉ እሺ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ግን አራት ዓመት ሙሉ የተንገላታሁት ለዚህ ነው ወይ ብዬ ጋዋኔን አውልቄ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

ሳሙና እንዴት እንደሚሠራ እኔም ከመጽሐፍ በቀር አላውቅም ነበር። በበርሜል የሚመጣው የዘንባባ ዘይት በኛ ብርድ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በእንፋሎት ይቀልጣል። ከዚያ ቤት የሚያህል ጋን ውስጥ ይገባና ኮስቲክ የሚባለው፣ ቆዳ የሚልጥ ነገር በውኃ ተበጥብጦ ይጨመርበታል። ሁለቱ ሲጣሉ ይውላሉ። ጠባቸው ካለቀና ኮስቲኩ ተበልቶ ከጠፋ ሳሙና ሆነ ማለት ነው። ካላለቀ ግን መልኩ ሳሙና፣ ሽታው ሳሙና፣ ሲነኩት የሚናከስ ጉድ ይወጣል። የሚናከሰውን «ወይፈን»፣ ያለቀለትን «ተገራ» ማለት ያመጡት እኒሁ ሽማግሌ ናቸው፤ ያደጉት ጣርማ በር በኩል በእርሻ ነው። የተገራው ሳሙና ይደርቃል፣ ሽቶና ቀለም ይገባበታል፣ ማሽን እንደ ዱላ አርዝሞ ጨምቆ ያወጣዋል፣ ይቆረጣል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ በመጨረሻ ሴቶቹ በእጃቸው በወረቀት ይጠቀልሉታል። ተገራ፣ አልተገራም የሚለውን የሚወስነው ግን የእሳቸው ምላስ ነበር። ጋሼ ነበር ሁላችንም የምንላቸው።

እኔ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ነበረኝ። ሳሙናውን በአልኮል አሟሙቼ ከጠርሙሱ ጠብ ሳደርግበት፣ ኮስቲክ ከቀረበት ወዲያው ሮዝ ይሆናል፤ ከተገራ እንደ ውኃ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። በገባሁ በሳምንቱ «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ መላስ ቀርቷል፤ ለጤናዎም ጥሩ አይደለም» አልኳቸው። ወይ ድፍረት! ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማሽም? ዲግሪሽን ስቀዪውና ነይ፣ እንወራረድ» አሉኝ። ተወራረድን። እሳቸው በምላስ፣ እኔ በጠብታ፣ ወር ሙሉ። ከአንድ ቀን በቀር አልተለያየንም። ያን ቀን እኔ ንጹሕ ነው ብዬ ሳበቃ «ትንሽ ቆንጠጥ አደረገኝ» አሉ፤ ደግሜ ብሠራው ለዓይን የሚያስቸግር ሮዝ ነገር አለበት። እኔ ነገር ሲገባኝ ቶሎ ነው የሚገባኝ፤ ከዚያ በኋላ መላስ ይቅር አላልኩም። ጠርሙሴን «ጠንቋይሽ» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም እስቃለሁ።

በሁዳዴ ግን ነገሩ ይለያል። ጋሼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። «ይቅመሱትና ይትፉት» ቢሏቸው «ብተፋውስ፣ ምላሴ ጾማለች ወይ?» ነው መልሳቸው። ስለዚህ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ጋኑ የሚጣደው አርፍዶ ነው፤ ሳሙናው ከዘጠኝ በኋላ እንዲደርስ። የአንድ ፋብሪካ ሥራ በአንድ ሰው ጾም ሲዞር አስቡት! መጀመሪያ በሳቅ ሞቼ ነበር፤ ከእኔ በቀር የሳቀ ስለሌለ አፍሬ ዝም አልኩ።

ሦስተኛው ዓመቴ ላይ ጋሼ አዲስ ጠባይ አመጡ። ከመቅመሳቸው በፊት እኔ ክፍል ጎራ እያሉ «እስቲ ጠንቋይሽ ምን አለች?» ይላሉ። ብልቃጡን አሳያቸዋለሁ፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄደው ይቀምሳሉ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሽማግሌው በመጨረሻ ሳይንስን አከበሩ ብዬ ጎረቤላ ላለችው እናቴ ሳይቀር ደውዬ ነግሬያለሁ። ምን ያህል ጅል እንደነበርኩ የታወቀኝ ኋላ ነው።

ያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት የገቡበት ዓመት ነው። ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ፣ ሙስሊሙ እስከ ማግሪብ ጾመኛ። የእኔ ጠብታ ደግሞ አልቆ አዲሱ «ከአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው» እየተባለ አልመጣም። በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጃችን የገላ ሳሙና ለደንበኞች አድርሳለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ስለነበር፣ ማንንም ሳያማክር ጋኑን ከንጋቱ በፊት አስጥዶት ጠበቀን። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሳሙናው ደረሰ ተባለ። ማን ይቅመስ?

ጋሼ «ጾመኛ ነኝ» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጾመኛ ነው። ከአልዩ አምባ የመጣችው፣ ሳሙና የሚጠቀልሉት ሴቶች አለቃ፣ እታለም የምላት ሴት፣ «ሳልውጠው ብተፋውም ልቤ አይቀበለውም፤ ወላሂ አላደርገውም» አለች። ሥራ አስኪያጁ ዞር ዞር ብሎ «እንዴ! በዚህ ሁሉ ሰው መሀል የበላ ሰው አይገኝም?» አለ። ሰው ተሳሳቀ።

ነበረ እንጂ። እኔ ነበርኩ። ጨጓራዬ ሐኪም ቤት ካስተኛኝ ወዲህ መጾም ትቼ፣ ክፍሌን ዘግቼ ዳቦ በሻይ በልቼ መምጣቴ ነው። ግን ያን ሁሉ ጾመኛ ፊት ለፊት እያየሁ «እኔ በልቻለሁ» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ሲጥልብኝ «እኔም ጾመኛ ነኝ» ብዬ ቁጭ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ልመልሰው አልቻልኩም። ጋኑ እሳቱ ተቀንሶለት እስከ ዘጠኝ እንዲቆይ ተወሰነ።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን አላስችል አለኝ። ሰው ዞር ሲል እንደ ጋሼ በእንጨት ጫፍ አወጣሁ፣ እፍ እፍ አልኩ፣ ነካሁት። እናቴ ድረሺ! የባትሪ ድንጋይ የላስኩ መሰለኝ። ምላሴን ይዤ ቧንቧ ስር ተደፋሁ። ወይፈን ቢሉ ወይፈን ነው፤ ገና ቀንበር ያላየ።

ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ጋሼ አማተቡ፣ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ አሁን ይናገራሉ ብዬ እጠብቃለሁ።

«ተገርቷል፤ አውርዱት» አሉ።

ተሳስተዋል ብል፣ በምን አወቅሽ ልባል ነው፤ ቀምሼ ነው ብል፣ ጾመኛዋ ልጅ ሌላ ጉዷ ሊወጣ ነው። የእኔስ ግድ የለም፣ በእኔ ይሳቁ። እሳቸውን ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማዋረድ አልሆነልኝም። ሠራተኛው ቧንቧውን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ሮጬ «ጋሼ፣ አንዴ ላናግርዎት» አልኩና እጃቸውን ይዤ ከበርሜሎቹ ጀርባ ወሰድኳቸው።

«ጋሼ፣ ይናከሳል። ቀምሼዋለሁ።»

«አንቺ ጾመኛ አይደለሽም እንዴ?»

«አይደለሁም። በልቻለሁ። እሱን ይተዉትና ይናከሳል ነው የምልዎት!»

ሳይቆጡ፣ ቀስ ብለው አንድ በርሜል ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ምላሴ ሞታለች» አሉ። «ነሐሴ ላይ የታመምኩ ጊዜ ነው የሄደችው። ጨውና ስኳር አልለይም። ባለቤቴ ሽሮው ጨው በዛበት ወይ ስትለኝ፣ ፊቷን አይቼ ነው ልክ ነው የምላት።»

«ታዲያ እስካሁን እንዴት…» ብዬ ሳልጨርስ ገባኝ። ጠንቋይሽ ምን አለች! የሚያዩት ብልቃጤን ነበር። ሮዝ ከሆነ ወይፈን፣ ንጹሕ ከሆነ ተገራ። እኔ ደግሞ ሳይንስን ያከበሩ መስሎኝ ለእናቴ እደውላለሁ! መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

«አንቺ ለጥምቀት ጎረቤላ ሁለት ሳምንት ስትቀመጪ ጠርሙስሽን ቆልፈሽበት ሄድሽ» አሉ። «ያኔ በግምት ነው የሠራሁት። እግዜር ጠበቀኝ፤ አንድም ሰው አላማረረ። ሰኔ ላይ ጡረታዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህች ምላስ ተከብሬ ኖሬ፣ በመጨረሻ ሽማግሌው ደንዝዞ ነበር ተብዬ አልውጣ። እስከ ሰኔ ሸፍኚኝ፣ የኔ ልጅ።»

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ሰው ሲለምነኝ ግን አልችልም። «እሸፍንዎታለሁ፤ ግን ይሂዱና ይህንን ይመልሱት» አልኳቸው። ተነሥተው ሄዱና «ገና ወይፈን ነው፣ በረሃብ ቸኩዬ ነው፤ እሳቱን መልሱ» አሉ። ሠራተኞቹም «ጾሙ ጠንቶባቸው ነው» ብለው አዘኑላቸው። ማምሻውን ተደብቄ ደጋግሜ ቀመስኩና፣ ሲገራ በዓይኔ ነገርኳቸው።

ጠብታው እስኪመጣ በዚሁ ቀጠልን። በርሜሎቹ ጀርባ እቀምሳለሁ፤ ተገርቶ ከሆነ እጄን ጋዋን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እወጣለሁ፣ ካልሆነ አጣጥፌ። ጋሼም ቀምሰው፣ ዓይናቸውን ከመጨፈናቸው በፊት እጄን ያያሉ። ምላሴ ተላልጦ በርበሬ ባየሁ ቁጥር እሸሻለሁ፤ ደግነቱ የሚያስተምሩኝ ነገር አለ። «የምላስሽን ጫፍ አታስነኪው፣ ጫፍ ውሸታም ነው፤ ዳሩን አስነኪው። ከዚያ እስከ አምስት ጠብቂ፤ ወይፈን ዘግይቶም ይወጋል» ይሉኛል። በመጽሐፍ ያላየሁት ትምህርት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከበርሜሎቹ ጀርባ ስወጣ እታለም ፊቴ ቆማለች። ከሶላት መመለሷ ነው።

«ያ ረቢ!» አለች። «እኛ ምራቃችንን እንኳ ስንፈራ፣ ጾመኛ ነኝ ያልሽው ልጅ ሳሙና ትልሻለሽ?»

ፊቴ እንደ ብልቃጤ ሮዝ ሳይሆን አልቀረም።

«በይ ተዪው» አለች ሳቋን ይዛ። «የጋሼ ምላስ ነገር ነው አይደል? አሁን ነው የነቃሽው?»

«ታውቂያለሽ እንዴ?»

እጆቿን ዘረጋችልኝ። የአሥሩም ጣቶቿ ጫፍ ተልጦ፣ ተሰነጣጥቆ፣ አዲሱ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ወጥቷል። ጓንት ይሰጣቸዋል፤ ግን በጓንት ወረቀቱ አይታጠፍም ብለው ያወልቁታል። «ይኼ ከጥምቀት ጀምሮ ነው» አለች። «አንቺ በሌለሽበት የወጣው ሳሙና። መጀመሪያ ቀን እጃችን ተቃጠለ፤ በሁለተኛው ቀን ዘዴ አገኘን። የሚናከስ ከሆነ ማዕዘኑን ሰበር እናደርገዋለን። የተሰበረ ሳሙና ተመልሶ ጋን ይገባል አይደል? ሕፃን ሊታጠብበት ነው እኮ፤ እንዴት እንልቀቀው!»

እዚህ ላይ ትዝ አለኝ። ያን ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ጠቅላዮቹን ሰብስቦ «እጃችሁ ድንጋይ ነው ወይ? ይህን ሁሉ ሳሙና የምትሰብሩት!» እያለ ሲጮህባቸው ከበዓል ስመለስ ደርሼበታለሁ። ስምንቱም ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ዝም ነው ያሉት። እኔም ግዴለሾች ናቸው ብዬ በልቤ አምቻቸዋለሁ። አፌን በቆረጠው!

«ለምን አትናገሩም ነበር?» አልኳት። ያለቀስኩ ይመስለኛል።

«ምን ብለን? ጋሼ እኛን ስንቀጠር ተቀብለው ሥራ ያሳዩን ሰው ናቸው። ሽማግሌ ይዋረድ? ስድብ እንደሆነ ታጥበሽው ይወርዳል» አለችና ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች።

ልንገራቸው ወይስ ሆድ ይፍጀው እያልኩ አደርኩ። እንዳልነግራቸው፣ አንድም ሰው አልተጎዳም ብለው በሰላም ይኖራሉ። እንዳልደብቃቸው፣ እነዚያ ጣቶች ከዓይኔ አልጠፋ አሉ። በማግስቱ ጠዋት ሳያቸው አላስቻለኝም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ጣቱን፣ የሚሰበረውን ሳሙና፣ ስድቡን። ጋሼ እየሰሙ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። ስጨርስ «ስንት ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «ስምንት» አልኳቸው። «ስምንት» ብለው ደገሙት። ምነው ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተጸጸትኩ፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሳስበው ልክ እንደሠራሁ እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚያ ማንንም ሳይጠሩ ወደ መጠቅለያው አዳራሽ ገቡ። ሥራ አስኪያጁ እዚያው ነበር። ጋሼ መሀል ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እነዚህን ልጆች የሰደብክበትን ጥፋት ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉት። «ምላሴ ከነሐሴ ጀምሮ አትሠራም። ለጥምቀት የወጣውን ሳሙና ሳላውቅ ነው ተገራ ያልኩት። የሰበሩት አውቀው ነው፤ ለሰው እንዳይደርስ። እጃቸውን እያቸው።»

ሥራ አስኪያጁ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ሴቶቹን ያያል። እታለም እጆቿን ከጠረጴዛው ስር ደበቀች። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ «ጋሼ፣ እስከ ሰኔ ቤትዎ ይረፉ፤ ማንም ምንም አይልዎትም» አላቸው። የለመኑኝ ከዚህ በላይ አልነበረም። እሺ ብለው በክብር ሊወጡ ይችሉ ነበር።

«አይሆንም» አሉ። «ጋኑን ለዚህች ልጅ ስጣት፤ ከእኔ የተሻለች ቀማሽ ነች፣ ስትቀምስልኝ የከረመችው እሷ ናት። ለእኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቦታ ስጠኝ።» የጠቆሙት የሴቶቹን መጠቅለያ ነበር። እዚያ ወንድ ተቀምጦ አያውቅም። አንዱ የማሽን ሠራተኛ ሳቅ አመለጠው፤ ሲያዩት ዋጠው።

በማግስቱ በራሴ ምላስ፣ በራሴ ድምፅ «ተገርቷል» አልኩ። እስከ አምስት ሳይሆን እስከ ሃያ ነው የጠበቅኩት። ሳሙናው ደርቆ፣ ተቆርጦ፣ ማኅተም ተመትቶበት ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ተከትዬው ሄድኩ። እታለም ጠጋ ብላ ለጋሼ ቦታ ለቀቀችላቸው። «ይምጡ፣ በዚህ በኩል ፀሐይ አለ» አለቻቸው። ከዚያ ከመቀነቷ ትንሽ የቫዝሊን ቆርቆሮ አውጥታ፣ ክዳኑን ከፍታ ፊታቸው አስቀመጠች። «ከመጀመርዎ በፊት እጅዎን ይቀቡት፤ ለጀማሪ ይከብዳል።»

ጋሼ ቆርቆሮውን ቀስ አድርገው ወደ እሷ መለሱት።

«አንቺ ተቀቢ፣ ልጄ። እኔ ከተቀባሁ መናከሱ አይሰማኝም» አሉና የመጀመሪያውን ሳሙና በባዶ እጃቸው አነሡ።